አቶ ምናሴ አፌን የያዙበት ምክንያት

የምስክር ስም፦ ርሆቦት ሀዲስ
ዕድሜ፦ 27
የትውልድ ቦታ፦ ሆሳዕና
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ
ሥራ፦ የፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል

እኔ ከላይ ስሜ የተገለጸው ምስክር፣ ዛሬ ጠዋት በሐይቁ ዳር በአንዲት ሴት ላይ ጥቃት አድርሰዋል ተብለው ስለተያዙት ዓሣ አጥማጅ አቶ ምናሴ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ጥቃት አላደረሱብኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት በተከራየሁበት ቤት ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ ነበር። ወጌሻ አሽቶኝ እብጠቱ ስለጎደለ ለዘመን መለወጫው ሩጫ ከፋብሪካችን ሠራተኞች ጋር ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሱንዱስ "አዲሱን ዓመት በአንድ እግርሽ ልትቀበዪው ነው?" ብላ ስትቀልድብኝ እልህ ያዘኝ። ሩጫው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ብዙም ሳልርቅ እግሬ ጠዘጠዘኝ፤ ሱንዱስን ቅደሚ ብያት ከሁሉም ኋላ ቀረሁ።

አስፋልቱ ስላሳመመኝ ለስላሳ መሬት ልርገጥ ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። በዳሩ በበቀለው ደንገል መካከል ሣሩ ተረግጦ የተኛበት ሰፊ መንገድ አገኘሁ። የሰው መንገድ መሰለኝ። የሐይቅ አገር ሰው ስላልሆንሁ፣ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ጠዋት ወደ ውሃው የሚመለስበት መሆኑን አላወቅሁም። እዚያው መካከል ቁጭ ብዬ የእግሬን ፋሻ ፈትቼ እንደገና ለማሰር ስሞክር ከኋላዬ ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ።

ዞር ስል ጉማሬው ከሣሩ ወጥቶ ቆሟል። በመካከላችን የቀረው ቦታ አንዲት ባጃጅ ብትቆምበት የሚሞላ ነበር። ልጮህ አፌን ስከፍት አንድ እጅ ከጎን መጥቶ ከደነው። ታንኳቸውን ዳር ሊያስሩ የመጡት አቶ ምናሴ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። በጆሮዬ "ዝም በይ ልጄ፤ የውሃውን መንገድ ልቀቂለት" አሉኝ። እኔ ግን የምሞት ስለመሰለኝ ታገልኋቸው፤ እጃቸውንም ነከስሁ። አልለቀቁኝም። በብብቴ ይዘው እየጎተቱ ደንገሉ ውስጥ አስገቡኝና ከላዬ ተደፉ። ጉማሬው የተቀመጥሁበትን ቦታ ረግጦ አለፈ። ፋሻዬ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

ጉማሬው ገብቶ ውሃው ሲንቦጫረቅ እጃቸውን አነሡልኝ፤ ያኔ ጮህሁ። ጩኸቴን ሰምተው ከመንገዱ ሮጠው የመጡት ሰዎች ያዩት ግን አቶ ምናሴ ከላዬ ሲነሡ ነው። ወዲያው ይደበድቧቸው ጀመር። እሳቸው "ኧረ ተዉ፣ ልጅቱን ጠይቋት" ይሉ ነበር። ጠየቁኝ። ጉማሬ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አለቀስሁ ብቻ። ለቅሶዬን እንደ መልስ ቆጠሩት፤ ዱላውም ባሰ። እዚህ ፖሊስ ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል መናገር አልቻልሁም።

ወደዚህ ክፍል ስገባ አቶ ምናሴ ግንባራቸው በጨርቅ ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ፈራሁ። ቀና ብለው "እግርሽ እንዴት ሆነ ልጄ?" አሉኝ። አንደበቴ የተፈታው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቃሌን ተቀበሉኝ ብዬ የጠየቅሁትም እኔው ነኝ።

በእጃቸው ላይ ያለው የጥርስ ምልክት የእኔ ነው። የግንባራቸው ቁስል የመጣው ጉማሬው ከሄደ በኋላ፣ እኔ ዝም ባልሁበት ጊዜ ነው። ለበዓሉ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ስለሚወጣ፣ በዚያ መንገድ ማንም እንዳይቀመጥ ይነገርልኝ።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጨመርሁበትም የቀነስሁትም ነገር የለም፤ እውነት ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ____________

ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን መስዑድ ኑርሑሴን
ፊርማ፦ ____________