ሁለት ውሻ ብቻ ያላቸው እመቤት

ቀስ አድርጊው ሰሊናዬ፣ የራሴ ጭንቅላት ነው፣ የኪራይ አይደለም። እዚህ ዊተን ደግሞ ፓርኪንግ ምን ነካው? ስዞር ስዞር ቀጠሮዬ ሊያልፍ ነበር። ቢጎዲኑን ጠበቅ አድርጊው፣ ነገ ሠርግ አለብኝ። መስታወቱን ቀየርሽው አይደል? ጥሩ አድርገሻል። ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል... ማድረቂያው ካስክ ስር ያለውን ጭምር።

ካስክ ስር ያሉት ሴትዮ ይሰማሉ እንዴ? አይሰሙም፣ ካስኩ ይጮኻል። ቢሰሙስ ደግሞ ምን አለበት? ስለ ሌላ ሴት ነው የማወራሽ፣ ሎረል ከተማ ስለሚኖሩ አንዲት እመቤት። ስማቸውን አልጠራም። የደግ ሰው ስም በየፀጉር ቤቱ አይነሳም።

ልጄን ሮሆቦትን ታውቂያታለሽ። ውሻ ካልገዛሽልኝ ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ውሻ ግቢ እንጂ ሳሎን አይገባም ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ላይ ግቢ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ተሸነፍኩና ሰው እኚህን እመቤት ጠቆመን። ንጹሕ የፈረንሳይ ዘር ናት፣ ፀጉሯ አይረግፍም፣ ብታድግ ብታድግ ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች አሉኝ። ትሕትናቸው ደግሞ... ቤታቸው እንኳ አላስገቡንም። እንዳትደክሙ ብለው ቡችላዋን በካርቶን ይዘው አንድ ገበያ ፓርኪንግ ድረስ መጡልን። እናትና አባቷን ማየት እንችላለን ወይ ብንላቸው እንባ ተናነቃቸው። ለውሻ ቤተ ዘመድ እንዲህ የሚሆን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የአጎቴን ልጆች እንኳ በቅጡ አላውቃቸውም።

ሮሆቦት ስሟን ሚጢጢ አለቻት። ሚጢጢ ገና በመጣች ሰሞን ሳል ጀመራት። ምግብ አልቀምስም አለች፤ ስትተነፍስ ጎድኗ ይቆጠራል። የእንስሳት ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለን። ያለጊዜዋ ከእናቷ ተነጥላለች፣ ውሻ በውሻ ላይ ከተደራረበበት እርጥብ ቤዝመንት የመጣች ትመስላለች አለ። ሮሆቦት ከክሊኒኩ ወለል ላይ አልነሳም አለችኝ። እኔ፣ ውሻ ሳሎን አይገባም ባይዋ፣ የዶሮ መረቅ በማንኪያ ሳጠጣት ከረምኩ። አንድ ቀን ማንኪያውን ላሰችና ቀና ብላ አየችኝ... በቃ፣ የሷ ሆኜ ቀረሁ።

ለእመቤቲቱ ደውዬ ነገርኳቸው። "እኔ ዘንድ ሳለች ጤነኛ ነበረች፤ ያንቺ ቤት አየር ሳይስማማት ቀርቶ ይሆናል" አሉኝ። አየሽ ደግነታቸውን? ለኔ ቤት አየር ሳይቀር ይጨነቃሉ።

ሚጢጢ ድና አደገች። እውነትና ቡችላ እያደር ያድጋል ይባል የለ? አይባልም? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይባል። መጀመሪያ ከቦርሳው ወጣች፣ ቀጥሎ ከአልጋዋ ወጣች። አሁን መኪናዬ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስሬላት ሰው ለጫነ መኪና ብቻ በተፈቀደው ኤችኦቪ መስመር ብገባ ፖሊስ ዘወር ብሎ የሚያየኝ አይመስለኝም። ፈረንሳይ አገር ጥጃ እንደ ውሻ እንደሚጮኽ ያወቅሁት ያኔ ነው። እመቤቲቱ ግን አልዋሹም። ቦርሳ አሉ እንጂ የማን ቦርሳ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ምነው ቆነጠጥሽኝ? ...ፀጉሬን ነው? እሺ።

ታዲያ ሮሆቦት ከትምህርት ቤት አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ውሻ የሚያራቡ ሰዎች ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ቤታቸውም እንዲታይ የሚያስገድድ ሕግ አናፖሊስ ምክር ቤት ቀርቧል። "ማሚ፣ ለደሊጌታችን ጀስት ኮል አድርጊ" አለችኝ። የምክር ቤት ተወካያችንን ማለቷ ነው። ደወልኩ፣ ቢሮው ያለ አንድ ወጣት አነሳ። ሰፖርት ነው ኦፖዝ፣ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ ሲለኝ ሰፖርት ብዬ መዝጋት ስችል፣ ጉዳዩ እንዲገባው ብዬ የሚጢጢን ሳል ሳልኩለት። በጨዋነት አዳመጠኝና የታመሙት እርስዎ ነዎት ወይስ ውሻዋ ብሎ ጠየቀኝ። አልተውኩም። ለሴናተራችንም ደወልኩ፣ የማኅበራችንን ሴቶችም አስደወልኩ። እንስሳ ወዳድ ናቸው ብዬ ለእመቤቲቱም ደወልኩላቸው። ውሻ ምን አገባት ከሕግ አሉኝ። ተረት አዋቂ ናቸው እኮ፤ እርሻውን ብቻ ነው የረሱት። ወገን ስንት ችግር እያለበት አንቺ ስለ ውሻ ትደውያለሽ ብለውም መከሩኝ። አፈርኩ... ለትንሽ ጊዜ።

ሕጉ የሚሰማበት ቀን ደረሰ። ምስክርነት በዙም ይሰጣል አለችና ሮሆቦት አስመዘገበችኝ። ተራዬን ስጠብቅ ስክሪኑ ላይ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? እመቤቲቱ። ተቃዋሚ ሆነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው እኔ ያሉኝ ሁለት ውሾች ብቻ ናቸው፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው፣ ይህ ሕግ ቤተሰብ ይበትናል አሉ። እንዴት ያለ ንግግር መሰለሽ፣ እኔ ራሴ ልቃወም ምንም አልቀረኝ። ይኸኔ ከኋላቸው ያለው የቤዝመንት በር... ሲጥ አለ።

ሰሊናዬ፣ ደራሽ ጎርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡራቡሬው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንከባለለ። አንዱ ኪቦርዱ ላይ ቁጢጥ አለ። አንዱ የነጠላቸውን ጥለት ነክሶ ወደ ቤዝመንት ይጎትታቸዋል። ሚጢጢን ቁርጥ የምትመስል ትልቅ ውሻ ደግሞ ከበሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ ታያለች። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማዳም፣ ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?"

"እነዚህ እንግዶች ናቸው" አሉ እመቤቲቱ። "ሊጠይቁኝ መጥተው ነው።"

"ሁሉም?"

ስክሪኑ ጠፋ።

የኔ ተራ ሲደርስ ምን ልበል? ከእሳቸው የተሻለ መናገር አልችልም ብዬ ተሰናበትኩ። ሕጉ አለፈ። እኛ ያን ሁሉ ሰሞን ስልክ ስንቀጠቅጥ ያልሆነልንን እሳቸው ባንድ አፍታ ጨረሱት። ከመሃላችን ለእንስሳት መብት እንዲህ የታገለ ማን አለ? ማኅበራችን ይሸልማቸው ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ስብሰባ መምጣት ትተዋል።

የካስኩ ሙቀት በዛባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ቀላ። ቀንሺላቸው... ወይ ተዪው። ፀጉራቸው ሳይደርቅ ወጥተው ብርድ ቢመታቸውስ?

ከዚያ የካውንቲው የእንስሳት ጥበቃ ሰዎች እነዚያን እንግዶች ሊጠይቁ ሎረል ሄዱ። እንግዶቹም ወደ መጠለያ ተወሰዱ። ሮሆቦት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ በነጻ ታግዛለች። ያቺን በር ላይ የቆመችውን ትልቅ ውሻ መጀመሪያ ቀን ሜዳ ሲያወጧት አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች አለችኝ። ሣር ረግጣ አታውቅማ። ስትወልድ፣ ስትወልድ፣ ስትወልድ... መሬት ማየት መቼ ደረሳት? ሮሆቦት ይህንን መኪና ውስጥ ነግራኝ ቤት እንደገባን ሚጢጢን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ግን አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አቶ ኪራኮስ ወስደዋታል። ያ ታክሲ ይነዱ የነበሩት፣ ጡረታ የወጡት። ሶፋውን ለሷ ለቀውላት እሳቸው ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ አሉ። ለምን አያወርዷትም ብላቸው፣ ደክሟታል፣ ትረፍበት አሉኝ።

ጨረስሽ? እጅሽ ይባረክ፣ አምሮብኛል። ካስኩም ጠፋ... ቆየ እንዴ ከጠፋ?

እትዬ! እንደምን ዋሉ? አላየሁዎትም ነበር እኮ። እኔና ሰሊና ስለማያውቋት ሴት ስንጨዋወት ነው። ፀጉርዎ እንዴት ወጥቶለታል... ይቀመጡ፣ ለኔ ብለው አይነሱ፣ እኔ መሄዴ ነው። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። እንዲህ እንዳማረብዎት ያሽምግልዎት። እርጅናው ሲመጣ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ የሚያጎርስና የሚያጥብ ሰው ሲያስፈልግዎ ደግሞ... የማንም ክፉ ፊት ሳያሳይዎ፣ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ደግ እጅ ላይ ይጣልዎት።