ለሽያጭ የቀረበችው ፔትረል እና «ሌባ» ብዬ የጮኽኩበት ሰው

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ሳቩሳቩ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፊጂ
ቀን፦ ማክሰኞ ጁን 18 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ኢኖኬ ሮኮቱኢ
ዕድሜ፦ 76 ዓመት (ምስክሩ ስልሳ ተብሎ እንዲጻፍ ቢጠይቅም የልደት ወረቀቱ ታይቷል)
አድራሻ፦ ናሶንጎ መንደር
ሥራ፦ የጀልባ ጠባቂ
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮርፖራል ሙኔሽዋር ላል

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወይዘሮ ሄዘር ፓስኮ የሚኖሩት ኒውዚላንድ ነው። «ፔትረል» የተባለችውን የሸራ ጀልባ ከባለቤታቸው ከአቶ ግሬም ጋር እየቀዘፉ ሳይሆን በነፋስ እዚህ ድረስ አምጥተዋት ነበር። አቶ ግሬም እዚሁ ታመው ካረፉ በኋላ ወይዘሮዋ ጀልባዋን በእኔ እጅ ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠባቂዋ እኔ መሆኔን እገልጻለሁ። ጠዋት ጠዋት በትንሿ ጀልባ እሄድና መስኮቶቿን ከፍቼ አናፍሳታለሁ፣ ሞተሯን አስነሣለሁ፣ ከሥሯ የሚጣበቀውን የባሕር ቅርፊት እፍቃለሁ።

ወይዘሮ ሄዘር ሊሸጧት ከወሰኑ ወዲህ ማስታወቂያው በወደቡ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የልጄ ልጅ አንብባልኛለች። ሦስት መልሕቅ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ የባሕሩን ውኃ ለመጠጥ የሚያጣፍጥ መሣሪያ፣ ሰው ሳይነካው ነፋስ የሚያዞረው መሪ፣ ጀልባዋ ስትጋደል አብሮ የማይጋደል ምድጃ እንዳላት ይናገራል። ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻው ላይ «ነገውኑ ወደፈለጉበት ለመጓዝ ዝግጁ» ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከታሰረችበት ንቅንቅ ብላ አታውቅም።

በሰው ፊት «ጀልባዬ» ብዬ እጠራታለሁ። ኮርፖራሉ ለምን እንደዚያ እንደምል ጠይቀውኝ፣ እሳቸውም የጣቢያውን መኪና «መኪናዬ» ሲሉ መስማቴን ገልጬላቸዋለሁ። ይህን መጻፍ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

በቁጥጥር ሥር ያለው ሳይሎሲ ቬሬባሳንጋ የኩምባላ ደሴት ሰው ሲሆን የጭነት መርከብ ካፒቴን ነው። የእሱ መንደርና የእኔ መንደር ታውቩ ናቸው። ይህ ወረቀት አገሩን ለማያውቅ ሰው ሊደርስ ስለሚችል እንዳብራራ ተጠይቄ፣ ታውቩ ማለት ከጥንት አያቶች የመጣ ዝምድና መሆኑን እገልጻለሁ። ታውቩዎች ሲገናኙ መሰዳደብ አለባቸው። አንዱ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቅ ቢወስድ የሚያፍረው የተቀየመው እንጂ የወሰደው አይደለም። ሳይሎሲ ግቢዬ ገብቶ ዶሮ ወስዶብኛል። እኔም ሠርጉ ላይ የለበሰውን ሸሚዝ በእንግዶች ፊት አስወልቄ ለብሼ ሄጃለሁ፤ ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም። እሱ ሲያገኘኝ «አሽከሬ፣ አለህ?» ይለኛል። እኔ «አለሁ ሌባው» እለዋለሁ። በትክክለኛ ስሙ ስጠራው አሁን ለኮርፖራሉ ሳስመዘግብ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አርብ ጁን 14 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ቤቴ ተቀምጬ ካሳቫ እበላ ነበር። በማግስቱ ጀልባዋን የሚያዩ ባልና ሚስት ገዢዎች ከአውስትራሊያ እንደሚመጡ ስለተነገረኝ መወልወያ ጨርቄንና ባልዲዬን አዘጋጅቻለሁ። ሳይሎሲ ገባና ሳይቀመጥ ከሳህኔ ላይ ካሳቫ አንሥቶ ጎረሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ማረፏን ነገረኝ። ደሴታቸው ላይ መቃብሩ ተቆፍሮ ሰዉ እየጠበቀ መሆኑን፣ የእሱ መርከብ ግን ሞተሩ ተፈቶ መቀመጡን፣ በትንንሾቹ ክፍት የሞተር ጀልባዎች እንዳይወስዳት ነፋሱ ስለበረታ ማዕበሉ የሬሳ ሣጥኑን እንደሚያጥለቀልቀው ገለጸልኝ። ይህን ሁሉ የተናገረው እየጎረሰ ነው። ከዚያም በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ የፔትረልን ቁልፍ አነሣ።

«አሽከሬ፣ ጀልባህን ወስጃለሁ» አለኝ።

«ውሰድ። ከነአክስትህ ስጠም» አልኩት።

«አንተን ሳልቀብር የት እሰጥማለሁ» ብሎ ወጣ።

ኮርፖራሉ በዚህ ቦታ መጻፋቸውን አቁመው፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ሲሉ ጠይቀውኛል። ይባላል። በሐዘኑ ቀን ታውቩው ካልሰደበው ማን ሊሰድበው ነው? ሳይሎሲ ከሆስፒታል ጀምሮ ያገኘው ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስበት ነው የመጣው። የዚያን ዕለት መጀመሪያ የሳቀው እኔ ቤት ነው።

እኔም ተከትዬው ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ ዳር አስጠግተን፣ ሣጥኑን በሰሌን ጠቅልለን፣ መሪው አጠገብ ካለው ጣሪያ ሥር አጋድመን በገመድ አሰርነው። አራት ዘመዶቹ ተሳፈሩ። የሸራውን ሽፋን የፈታሁት እኔ መሆኔን አልክድም። ከወደቡ አፍ ሲደርሱ ሸራውን ሰቀሉት፤ ነፋሱ ሲሞላው ጀልባዋ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ውኃውን እየቀደደች ሄደች። ሦስት ዓመት ሙሉ አጥቤያታለሁ፣ ወልውዬአታለሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን በስሙ አውቀዋለሁ እል ነበር። ስትሄድ ምን እንደምትመስል ግን እስከዚያን ጠዋት አላየሁም።

በዚህ ጊዜ ዳር ላይ ቆሜ «ሌባ! ሌባው ጀልባዬን ይዞ ሄደ!» ብዬ ጮኽኩ። ለምን እንደጮኽኩ ተጠይቄ፣ ታውቩዬን በዝምታ ብሸኘው ተቀይሞኛል ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲያዝን ይሄድ ስለነበር ነው። የጮኽኩት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳይሎሲ በእንግሊዝኛው ስለሚኩራራ በፈረንጆች ፊት ላሳጣው ብዬ ነው። እሱም ሰምቶ ባርኔጣውን አውልቆ እያውለበለበ እጅ ነሣኝ። ወደብ ላይ የነበሩት ያገሬ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። በወደቡ ቢሮ በቅርብ የተቀጠረው ፈረንጅ ወጣት ግን አልሳቀም። ባለቤቷ ራሱ ሌባ እያለ ጮኸ ብሎ ለፖሊስ መደወሉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ የሰማውን ነው የተናገረው።

ቅዳሜ ገዢዎቹ መጥተው ጀልባዋ ታስራበት የነበረውን ተንሳፋፊ ኳስ ብቻ አገኙ። ቀብር መሄዷን ነገርኳቸው። ባልየው የምቀልድበት መስሎት ተቆጥቶ ወደ ሆቴሉ ተመለሰ። ከዚህ በፊት የነገርኩትን ሁሉ ሰው ሲያምነኝ፣ አንድ ቀን እውነቱን ብናገር አልታመንኩም። ግዢው ይቅር አይቅር አላውቅም።

የደሴቱ ሰዎች እሁድ ሰንበት ነው ብለው በባሕር ስለማይጓዙ ሳይሎሲ ጀልባዋን የመለሳት ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ገመዱን አስሮ ሳይጨርስ በፖሊስ ተያዘ። እኔ ጀልባዋን መርምሬያታለሁ። ወለሉ ታጥቧል፣ ነዳጁ ተሞልቷል፣ በግራ ጎኗ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጭረት አለባት። በውስጧ ያም የሚባል የሚበላ ሥራሥር አንድ ቅርጫት፣ ሁለት አዲስ ሰሌንና አንድ ታምቡዋ፣ ማለትም ለከባድ ጉዳይ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጥ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተገኝቷል። ታምቡዋው በአሁኑ ሰዓት ቁጥር ተለጥፎበት በጣቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንድ የተሰረቀ ሞባይል አጠገብ መቀመጡን አይቻለሁ። ለማን እንደተላከ ተጠይቄ፣ ለእኔ አይደለም ብያለሁ። ለታውቩ ታምቡዋ አይላክም። የተላከው ለጀልባዋ ባለቤት፣ ለወይዘሮ ሄዘር ነው።

ኮርፖራሉ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው ሳይሎሲ ጀልባዋ የእኔ እንዳልሆነች ያውቅ ነበር ማለት ነው አሉኝ። አዎ፣ ያውቅ ነበር። ቀጥለውም «ውሰድ» ያልኩት ለቀልድ ነው ወይስ የምር ሲሉ ጠየቁኝ። ለቀልድ ከሆነ ሳይሎሲ ያለፈቃድ የወሰደ ስለሚሆን እንደሚከሰስና የካፒቴንነት ፈቃዱንም እንደሚያጣ፣ የምር ከሆነ ደግሞ በአደራ የያዝኩትን የሰው ንብረት አሳልፌ የሰጠሁት እኔ እንደምሆን አስረዱኝ።

«አባባ፣ ቀስ ብለው ያስቡበት። ከዚህ በኋላ ምስክር ሆነው ላይቀጥሉ ይችላሉ» አሉኝ። ሻይም አስመጡልኝ።

አሰብኩበት። ከአፌ ከሚወጣው ነገር የቱ ቀልድ፣ የቱ የምር እንደሆነ ለይተህ ተናገር የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ሚስቴም በሕይወት ሳለች ሞክራ ትታዋለች። እኔም ራሴ ለይቼው አላውቅም። ሻዩን ጨርሼ እንደሚከተለው መልሻለሁ። «ስጠም» ያልኩት ቀልድ ነው። «ሌባ» ብዬ የጮኽኩት ቀልድ ነው። «ውሰድ» ያልኩት የምር ነው።

ጀልባዋ የማን እንደሆነች አውቅ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አውቅ ነበር። ወይዘሮ ሄዘርን በስልክ ማስፈቀድ እችል ነበር ወይ ተብዬ፣ እችል ነበር፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ታዲያ ለምን አልደወልክም ተብዬ፣ እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈርቼ ነው።

ወይዘሮ ሄዘር ሐሙስ በአውሮፕላን ይደርሳሉ። ታምቡዋውን ቁጥር እንደተለጠፈበት ከፖሊስ እጅ እንዳይቀበሉት፣ የሳይሎሲ ሰዎች እንደ ደንቡ ተንበርክከው በሁለት እጅ እንዲሰጧቸው፣ ሳይሎሲም በዚያን ሰዓት ከእስር ወጥቶ በሰዎቹ ፊት እንዲቆም አመለክታለሁ። ተቀብለው ይቅር ካሉን መልካም ነው። ካላሉ ጥፋቱ የጠባቂው ነውና እኔው ልጠየቅ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። የተናገርኩት ሁሉ አለበት፤ ያልተናገርኩት ካለ «መሆኑን እገልጻለሁ» የሚለው ብቻ ነው፣ እሱ የኮርፖራሉ ነው። ቃሌ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ እውነት በመሆኑም ልጠየቅ እንደምችል አውቄ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ኢ. ሮኮቱኢ
የመርማሪው ፊርማ፦ ኮርፖራል ሙ. ላል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪው ከፈረመ በኋላ ለጊዜው ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚችል ተነግሮት ነበር። አልሄደም። ሳይሎሲ ቬሬባሳንጋ ባለበት ክፍል በር ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል። በፍርግርጉ በኩል ለረጅም ጊዜ እጅግ ከባድ ስድብ ሲለዋወጡ ተሰምቷል። ተረኛው ፖሊስ ጠብ መስሎት ሊለያያቸው ተነሥቶ ነበር፤ እንዲተዋቸው ነግሬዋለሁ።