ያልተደበቀች ልጅ

የዳንግላዋ መምህርት ወርቅአየሁ ሕፃን ታቅፋ ቆሰበር ከተማ ከሚገኘው ሆስፒታል ስትወጣ፣ በሩ ላይ ከባሏ አጎት ከአቶ ይሄነው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ መኪና የሚፈልጉ ነበሩ።

አቶ ይሄነው በቤተሰቡ ዘንድ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሠርግ ሲታሰብ ዘር የሚቆጥሩ፣ መሬት ሲካፈል ወሰን የሚያሳዩ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያኮረፉትን ቤት ሌላው ዘመድ አይረግጠውም።

«ወርቅአየሁ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ ከዘራቸውን ወደ ብብታቸው ከተት አድርገው። «አርግዘሽ ኖሯል? ምነው ለእኔ እንኳ የሚነግረኝ ጠፋ?»

እነሆ ውሸቱ ሳትለፋበት ተዘጋጅቶ ቀረበላት። «አሜን» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በዚህች አንዲት ቃል ላይ የቆመ ስንት ቤት አለ! ወርቅአየሁ ግን ልጅቷን ላይደብቁ ከባሏ ከሀብቱ ጋር ቃል ተጋብታለች።

«እኔ አልወለድኳትም፣ ጋሼ። እናቷ እዚሁ ስትገላገል አረፈች። ዘመድ ቢፈለግ ጠፋ። እኔና ሀብቱ ፍርድ ቤት ቀርበን ልጃችን እንድትሆን ተፈቀደልን፤ እስከዚያው ሆስፒታሉ አቆየልን። ሀብቱ አልጋዋን እያሰናዳ ነው፤ እኔ ወደ ቤቷ ልወስዳት መጣሁ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ መኪናው ቀደሟት። የዳንግላው ሚኒባስ ውስጥ ግን ከጎኗ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ መኪናው ከከተማው ሲወጣ። «ክፉ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የማያውቁትን ዘር ወደ ቤት ማስገባት ድፍረት ነው። በሽታ ይኑርባት፣ የክፉ ሰው ቁጣ ይኑርባት፣ ማን ያውቃል?»

«በሽታውን ሐኪሞቹ መርምረውልናል፤ ጤነኛ ናት። ቁጣውን ካሉኝ ደግሞ፣ በእኛ ቤት ቁጡ ሰው ጠፍቶ ያውቃል?»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሳቋን ዋጠች። አቶ ይሄነው ግን አልሳቁም።

«እሺ፣ አንዴ ሆኗል። ይልቅ ምክሬን ስሚ። ጫግኒ እህትሽ ዘንድ ሰንብቺና ‹ወልጄ መጣሁ› ብለሽ ግቢ። እኔም አፌን እይዛለሁ። ለአንቺም ለእሷም ክብር ይሆናል።»

ምክሩ የመጣው ከርኅራኄ እንጂ ከክፋት አልነበረም። ብዙ ደግ ሰዎች እንዲህ እያሉ ሲመክሩ ኖረዋል፤ የደግ ሰው ስሕተት ደግሞ ከክፉ ሰው ስሕተት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

«አላደርገውም» አለች ወርቅአየሁ። «ነገ ከጎረቤት ጋር ስንጣላ፣ በስድብ መካከል እውነቱን ብትሰማውስ? ያን ጊዜ ልጄን የሚሰብራት ከሌላ ሰው መወለዷ ሳይሆን የእኔ መዋሸት ነው።»

«ሰው ያወራባታል እኮ!»

«ያውራ! እኔው ራሴ ከተናገርኩት ማን ምን ይጨምርበታል? ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው። እኔ በልጄ አላፍርም። እርስዎም ደጄን ባይረግጡ አዝናለሁ፤ እሷን ግን አሳድጋለሁ።»

አቶ ይሄነው እንዲህ ያለ ንግግር ከወንድማቸው ልጅ ሚስት ቀርቶ ከወረዳ ሹምም ሰምተው አያውቁም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ጎረቤቴ ምህረቴ ‹ወለድኩት› ብሎ ያሳደገውን አወቀን ረሳሽው? አባቱን በቀበረ ዕለት የአጎቱ ልጆች ‹አንተ አልተወለድክም› ብለው ከድንኳኑ አስወጡት። አገር ጥሎ ጠፋ። ደም ካልሆነ መጨረሻው ይኸው ነው።»

«አልረሳሁትም። ለመሆኑ ምህረቴ አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ማን አገላበጠው?»

«አወቀ» አሉ ሽማግሌው።

«የአጎቱ ልጆችስ?»

«እነሱማ ለቀብር ነው የመጡ።»

«እንግዲያ አወቀን ያስወጣው ደም አይደለም፤ መደበቁ ነው። አባቱ በቁሙ ‹ልጄ ነው› ብሎ ተናግሮ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ምስክር ቢሆንለት ኖሮ ማን ይደፍረው ነበር?»

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ሕፃኗ ነቅታ በኃይል አለቀሰች። ወርቅአየሁ ከፔርሙሱ ውኃ ቀድታ ወተቱን ለመበጥበጥ እጅ አጠራት፤ ፈቃዳቸውንም ሳትጠይቅ ልጅቷን ክንዳቸው ላይ አኖረቻት።

«ቅቤ ብታልሻት ዝም ትል ነበር» አሉ እያወዛወዟት።

«ቅቤ ይጎዳታል፣ ጋሼ። ለጨቅላ ከወተት በቀር ሌላ አይሰጥም።»

በሌላ ቀን ቢሆን በቅቤው ብቻ ዳንግላ ድረስ ይከራከሩ ነበር። አሁን ግን ሕፃኗ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጣ ፊቷ እስኪቀላ እየጮኸች ነበርና ዓይናቸውን ከእሷ መንቀል አልቻሉም።

«ቁጣስ አላት» አሉ በመጨረሻ። «ከእኛ ዘር አትርቅም።»

ወርቅአየሁ ጡጦውን እያቀበለቻቸው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በአገራችን በማር የተነከረ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ መሆን ነበረ አይደል? ትልቅ ሰው ከትልቅ ሰው ሲዛመድበት ክብር ከነበረ፣ እናት ለሌላት ሕፃን ሲሆን ስለ ምን ነውር ይሆናል?»

«ነበረ እንጂ። ያ ግን ሰው ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ ፊት ነው የሚደረግ።»

«እኔስ ከእርስዎ ሌላ ምን ጠየቅሁ? በሽማግሌ ፊት ይሁን ነው ያልኩ። በስውር ይሁን ያሉ እርስዎ ነዎት።»

በመስኮቱ በኩል በመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ ያልፋል። ልጅቷ ጠብታ ፈጽማ ክንዳቸው ላይ ተኛች፤ ሊመልሷትም አልሞከሩ።

ዳንግላ ሲወርዱ የአገራቸው ሰው ባለጋሪው ገበየሁ ሮጦ መጣ። ሽማግሌው ሕፃን ታቅፈው ቢያይ ተገርሞ፣ ሰው በሞላበት፣ «ጋሽ ይሄነው፣ ይህች ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለ።

ወርቅአየሁ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት።

«የሀብቱና የወርቅአየሁ ልጅ ናት። አልወለዷትም፤ በሕግ ልጃቸው አድርገዋታል። ለእኔም የልጅ ልጄ ናት። ሌላ የሚጠይቅ ካለ፣ እሷን ሳይሆን እኔን ይጠይቅ። በል አንተም ፈረሱን ቀስ አድርገህ ንዳ፤ ተኝታለች።»

ያንኑ ቃል በክርስትናዋ ዕለት በዘመድ ሁሉ ፊት ደገሙት፤ እንደ ተወለደች ልጅ ወራሽ መሆኗንም አስመሰከሩ። ቤዛዊት ተባለች። ዛሬ እየሮጠች ነው። እናቷ ወርቅአየሁ የወላጅ እናቷን ታሪክ እንደ ተረት ትነግራታለች፤ አንድ ቀን ጎረቤት በስድብ ልትነግራት ብትሞክር፣ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብላ ታልፋታለች። ሀብቱና ወርቅአየሁ ልጅ አገኙ፣ ልጅቷ ወላጅ አገኘች፤ ቤተሰቡም በሹክሹክታ የሚያወራው ነገር አጣ።

በቅርቡም መካን የሆኑ ባልና ሚስት ከገጠር መጥተው አቶ ይሄነውን አማከሩ። ሕፃን ተፈቅዶላቸዋል፤ ግን ምስጢሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ጨንቋቸዋል።

«ምስጢሩን እዚሁ እኔ ደጅ ጥላችሁት ሂዱ» አሏቸው ሽማግሌው። «ልጁን ብቻ ይዛችሁ ግቡ።»