በአርዲቦ መንገድ ላይ የተደረገ የንባብ ግምገማ

ሐይቅ እስጢፋኖስን! ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። የሆነው በገዛ ባጃጄ ውስጥ ነው፤ መሪውን የያዝኩትም እኔው ነኝ። «አሻግሬ ቀልማዳ ነው» የሚሏችሁ ካሉ ስለ ሌላ ቀን እያወሩ ነው። በዚህኛው ቀን፣ በተለይ የአምባዛ ዓሣውን እሾህ በተመለከተ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ቅዳሜ ነበር። ከውጫሌ የመጣው ሚኒባስ ሐይቅ ሲደርስ ሀውራ ወረደች። ሀውራ ውጫሌ የምታስተምር የኛው አገር ልጅ ናት። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ፎቶ ሲያይ እሷ ፒዲኤፍ ታነባለች፤ ዓይኗ ሲደክም ደግሞ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትረካ ትሰማለች። ኒካዋ ደርሷል። ባሏ የሚሆነው ኡበይድ የሚባል የአርዲቦ ልጅ ነው፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት ሽማግሌዎች በአባቱ ቤት ተሰብስበው ቀን ሊቆርጡ ነበር። የሀውራ ቤት ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ስለሆነ ጫንኳት።

ከከተማው ወጣ እንዳልን አያ ሙነወር ከሽንኩርት ማሳቸው ዳር ከዘራቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከሐይቅ እስከ አርዲቦ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው፣ የሚጋባ ሁሉ ዘሩ የሚቆጠረው በእኚህ ሰው አፍ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ማንበብ አቁመው ነበር። ሀውራ ሚሞሪ ሙሉ ትረካ ጭና ከሰጠቻቸው ጀምሮ ግን ጆሯቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሽንኩርት ሲያጠጡ ይሰማሉ፣ ሲበሉ ይሰማሉ፣ እንቅልፍ ይዟቸው ሲሄድም ተራኪው ብቻውን ይቀጥላል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አያ» አለች ሀውራ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ድምጿን ለይተው ደነገጡ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉና ከበሩ ጋ ተጣብቀው ተቀመጡ፤ ትንሽ ቢገፏቸው የሚወድቁ ይመስላሉ። ወትሮ ሀውራን ሲያገኙ ዱዓ ሳያደርጉላት፣ ራሷን ሳይዳብሱ አያልፉም ነበር። ግራ መጋባቴ የጀመረው ከዚህ ነው።

ሀውራ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ስታወራ ቆየችና «ይቅርታ አያ» አለች። «ለጓደኞቼ ድምፅ እየቀዳሁ ነበር። የወሩን የንባብ ግምገማዬን ነው።»

«የምን?»

«ግምገማ። በወሩ ውስጥ ያነበብኩትንና የሰማሁትን መጽሐፍ።»

«ኧረ በአላህ! እኔ ግምገማ የማውቀው ቀበሌ ነው። ያኔም ተገመገምን፣ ከዚያም ወዲህ ተገመገምን፤ አሁን ደግሞ መጽሐፍ ተረኛ ሆነ? ሂስና ግለ ሂስም አለው?»

«አለው» ብላ ሳቀች። «ሂሱ የመጽሐፉ፣ ግለ ሂሱ የኔ። ወሩ ሲያልቅ መጽሐፎቹን በስም እየጠራሁ እናገራለሁ፤ ይህን በዓይኔ አነበብኩት፣ ይህን በጆሮዬ ሰማሁት፤ ታሪኩ የማን ነው፣ የት ሆነ፣ ምኑን ወደድኩ፣ ምኑን አላመንኩም። መሃል ላይ የተውኩት ካለም ለምን እንደተውኩት እናገራለሁ።»

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና ይሄ ጉራ ነው። ሰው ዒልሙን፣ ዕውቀቱን፣ አደባባይ አውጥቶ ሲቆጥር ይዩልኝ ይሆናል።»

«ለብዛቱ ብዬ ብቆጥር ልክ ኖት። እኔ ግን ባለፈው ወር የጨረስኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም አልገባኝም ብዬ ነው የተናገርኩት።»

«አልገባኝም ብለሽ? አስተማሪ ሆነሽ? በአደባባይ?»

«እኔማ ሁልጊዜ ነው የምለው» አልኩ ከፊት ሆኜ።

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ!»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሚኒስትሪ ወድቄ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ብሆንም ክርክር ሲጀመር ማን እንደሚረታ እለያለሁ። እስካሁን አያ ሙነወር እየመሩ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

«እኔ የምሰማው መሬት ዝናብ እንደሚጠጣው ነው። መሬቱ የወረደለትን ጠብታ ይመዘግባል? ጠጥቶ ያበቅላል እንጂ።»

«ያበቅላል፣ አያ። ግን ከሽንኩርቱ ጋር አረሙም አብሮ ይበቅላል። አንቱ ማሳዎትን ሳያርሙ የሚከርሙት መቼ ነው?»

አያ ከአረም ጋር የኖሩ ሰው ስለሆኑ በዚህ በኩል መምጣቷን አልወደዱትም። «የኔ ጭንቅላት አረም አያበቅልም» አሉ። «የሰባት ቤት ዘር በቃሌ የምቆጥር ሰው ነኝ። ለኔ ያልሽውን ለዚህ ቀልማዳ ንገሪው።»

«እሺ። ለመሆኑ አንቱም ወደ አርዲቦ ኖት? ቀኑ ሊቆረጥ አይደል፣ ይመርቁናል።»

አያ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ።

«አያ?»

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ልጄ፣ ቤት ሆነሽ ከሰው እንድትሰሚው ነበር ያሰብኩት። ኒካው አይሆንም። ላስቆመው ነው የምሄደው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ኡበይድ የጡት ወንድምሽ ነው። እናትሽ መሪማ፣ አላህ ይዘንላት፣ በሕፃንነቱ አጥብታዋለች። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች አይጋቡም፤ ሐራም ነው።»

ነገሩን በደንብ እንድትረዱት ልንገራችሁ። የሀውራ እናት ሞታለች። የኡበይድም እናት ሞታለች። በዚያ ዘመን ለሁለቱም ቤት ጎረቤት የነበሩት፣ ዛሬም በሕይወት ያሉት አያ ሙነወር ብቻ ናቸው። ይህን ቃል አንድ ጊዜ በሽማግሌዎች ፊት ከተናገሩት ማን ይመልሰዋል? እሳቸው ራሳቸው ነገ ተሳስቻለሁ ቢሉ እንኳ ጥርጣሬው ሁለቱን ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ይከተላቸዋል።

ልክ በዚያች ደቂቃ ክንዴን የሚያህል የአምባዛ እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው። ጭልፊት ከሐይቁ ይዞት ሲመጣ ከብዶት የጣለው መሆን አለበት። ሽው አለና ባጃጇ እንደ ደከመች ግመል ተቀመጠች። «ውረዱ፣ ጎማ ነው» አልኩ።

ሁለቱም መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከጎማው ሥር ተደፍቼ ጆሮዬን ብቻ ወደ ላይ አቆምኩ። ሀውራ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኖ ነበር።

«አያ፣ እኔ አንቱን ዋሹ አልልም። ሐራም ከሆነም ሐራም ነው፤ እተወዋለሁ። ግን መጽሐፍ እንደምገመግመው ልጠይቅዎትና ይመልሱልኝ። የት ሆነ?»

«ታንኳ ላይ። የኡበይድ እናት ወልዳ ታማ ነበር፤ ይሄን አገር ያውቃል።»

«ይባላል፣ አዎ።»

«ወደ ማዶ ሲያሻግሯት ራሷን ሳተች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እናትሽ ሻሿን አውርዳ ጋረደችና ተቀበለችው። አሁን እንኳ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ማዕበሉ ታንኳውን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።»

እውነቴን ነው፣ እኔም አየኋት። ሻሿ ቢጫ መሰለኝ። እዚያ አልነበርኩም፤ ታዲያ ሻሹን እንዴት አየሁት? ይበልጥ ግራ ገባኝ።

«እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ረስቼው ነበራ! በዚህ ሰሞን ማሳዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳለ ድንገት መጣልኝ። አላህ አስታወሰኝ፣ ከጥፋት አዳናቸው ብዬ አልቅሻለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። አንቺን ማሳዘን ለኔ ቀላል መሰለሽ?»

«አልመሰለኝም፣ አያ። ግን ሕፃኑን ለምን ውሃ አላጠጡትም? ውሃ መሃል ሆነው?»

«የቱን ውሃ! ዙሪያው ሁሉ ጨው፣ ቀዛፊው በእፍኙ ጨልፎ ቢቀምሰው እኮ አንገሽግሾት ተፋው፣ ጨው ብቻ...»

አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ። እኚህ ሰው የሐይቅን ውሃ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠጥተዋል፣ ውዱእ አድርገውበታል፣ ሽንኩርታቸውን አጠጥተውበታል። ከንፈራቸውን በምላሳቸው ነካ አድርገው ቀመሱት።

«ጨው አልኩ?»

«አሉ።»

«የኛ ውሃ ጨው አይደለም።»

«አይደለም፣ አያ።»

«የአርዲቦው ሐይቅስ?» አልኩ እኔ ከጎማው ሥር።

«የአርዲቦውም አይደለም፣ አንተ!» አሉኝ ሁለቱም አንድ ላይ።

ሀውራ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። «ይሄን ታሪክ ሲያስታውሱት በማን ድምፅ ነው የሚሰሙት? በእናቴ?»

አያ ሙነወር ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚሰሙትን ድምፅ እያሳደዱ መሆናቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። «የወንድ ድምፅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያ... ምዕራፍ ሊጀምር ሲል ጉሮሮውን የሚጠርገው ልጅ።» ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ያ ረቢ! ያ ረቢ፣ ተራኪው ነው!»

ሀውራ ስልካቸውን ተቀብላ ከሚሞሪው ውስጥ ስትፈልግ፣ ወደኋላ ስትመልስ፣ ወደፊት ስታሳልፍ ቆየችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሦስታችንም ሰማነው። ታንኳው አለ፣ ማዕበሉ አለ፣ ቀዛፊው ቀምሶ ይተፋል፣ ሴትዮዋ ሻሿን ታወርዳለች። ባሕሩ ግን የሩቅ አገር ባሕር ነው፤ የሴትዮዋም ስም መሪማ አይደለም። የሻሹ ቀለም ደግሞ ቢጫ ሳይሆን ጥቁር ነበር፤ ይህ እኔን ብቻ አሳዘነኝ።

ሀውራ ለቅሶዋ አሁን መጣ። አያም እያለቀሱ ራሷን ዳበሱት። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ። ጎረቤቴ የታመመችው እውነት ነው፣ እናትሽ ደግ መሆኗ እውነት ነው፤ የቀረውን ሰውዬው ጆሮዬ ውስጥ ሰፋው። ይሄን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በምን አፌ እመልሰው ነበር?»

«ጥፋቱ የኔም ነው፣ አያ። ሚሞሪውን ሰጠሁዎት፣ ግምገማውን አላስተማርኩዎትም።»

«እንግዲህ ትረካውን ልተወው?»

«ለምን ይተዋሉ! ዓይን ሲደክም ጆሮ ማንበቡ ጸጋ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመክፈትዎ በፊት ግን ትንሽ ዝም ይበሉ። ያ ምን ነበር፣ የማን ነበር ብለው ለራስዎ ይንገሩት። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ለኛ ይንገሩን። ሲናገሩት የመጽሐፉ ወደ መጽሐፉ፣ የኛ ወደኛ ይመለሳል። አንድ ወር ካለፈማ ማን ያስታውሳል?»

«አረሙን ገና ቡቃያ ሳለ ማለትሽ ነው።»

«እሱን ማለቴ ነው።»

«እንደዚህ ብለሽ ብትጀምሪልኝ ኖሮ ቀበሌ ባልመሰለኝ!» አሉና በእንባቸው መሃል ሳቁ። ከዚያም ወደኔ ዞረው «አንተ፣ ያ ጎማ አላለቀም?» አሉ።

ነፋሁትና ሄድን። የእሾህ ቀዳዳ ያለ ማጣበቂያ እንዴት አየር እንደያዘ አትጠይቁኝ፤ የአምባዛ ነገር ተአምር ነው።

ሀውራን ቤቷ አውርደን አርዲቦ ስንደርስ አያ ሙነወር ቀኑን መርቀው አጸኑ። በዚያ አልበቃቸውም። ምን ሊያደርጉ እንደመጡ፣ ጨዋማው ባሕር እንዴት እንዳዳናቸው ለተሰበሰበው ሽማግሌ ሁሉ በዝርዝር ተናገሩ፤ ይህ የመጀመሪያ ግምገማቸው መሆኑ ነው። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ሱብሃነላህ አሉ። ግማሾቹ ግራ ተጋብተው «ሕፃኑ በመጨረሻ ተረፈ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ኡበይድ ከምን እንዳመለጠ እስኪገባው ድረስ ሦስት ሰው አስረዳው።

ኒካው ከታሰረ ወዲህ ወር ባለቀ ቁጥር በአያ ሙነወር ማሳ ዳር እንሰበሰባለን። ጥቅሙን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አያ ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ሰማሁ ያሉት አንዱን ሁለት ጊዜ መሆኑን ደረሱበት። «ይሄ ደራሲ ስለ ሽንኩርት የጻፈው ስሕተት ነው» ብለው ከአንዱ ጋር በይፋ ተጣሉ፤ ድሮ ቢሆን የሰሙትን ሁሉ አሜን ይሉ ነበር። ኡበይድ የጀመረውን ፒዲኤፍ መጨረስ ለመደ፤ ሳይጨርስ ከመጣ ምክንያቱን ይናገራላ። እርቅ ላይም ሰው ሳያፍር ይጠይቃቸዋል፤ «አያ፣ ይሄ ከማሳ ነው ከሚሞሪ?» እሳቸውም ሳይቆጡ ያስቡና ይመልሳሉ። ይኸው ነው፤ የሚያነብ ሰው ያነበበውን ከኖረው ከለየ ምስክርነቱ ይጠራል፣ የወደደውን ለሌላው ያካፍላል፣ ያልገባውንም ይጠይቃል።

ባለፈው ሀውራ ወደኔ ዞረች። «አሻግሬ፣ ወሩን ሙሉ የኛን ታሪክ በባጃጅ ስትተርክ ነው የከረምከው አሉ። እስቲ ገምግመው። የቱን አየህ፣ የቱን ሰማህ፣ የቱን ፈጠርክ?»

አያ ሙነወር ከዘራቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ሰጡኝ። ገመገምኩት። ሌላው ሁሉ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ጨውም፣ ሻሹም፣ እንባውም። እሾሁን ግን ፈጥሬዋለሁ። አምባዛም ጭልፊትም አልነበረም። አያ «ላስቆመው ነው» ሲሉ ባጃጇን አቁሜ ወርጄ የጎማውን አየር በክብሪት እንጨት ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ። የሀውራ መውረጃ ቅርብ ነበር፤ ጨዋታቸው ደግሞ ገና ጨው ጋ አልደረሰም ነበር።