ወንበር ተሸክማ የመጣችው

ወዳጆቼ፣ ጭብጨባችሁን ለኋላ አቆዩት። ዛሬ በጡረታ ስለምንሸኛት እህታችን የምናገረው ግማሹ ቅናት ነው። ግማሹ ያልኩትም እንዳይከፋት ነው እንጂ አብዛኛው ነው።

ይህች ሴት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥራ ማተሚያ ቤታችን በር ላይ የደረሰችው ወንበር ተሸክማ ነው። «ፊደል ለቃሚዎቹ ክፍል መቀመጫ የለም» ብሏት ነበር አንዱ። ዘበኛው፣ «ዕቃ ያለ ደብዳቤ አይገባም» አላት።

«እኔስ?»

«አንቺ ግቢ፣ ወንበሩ ይቅር።»

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መሃል በሩ ላይ አስቀምጣው ቁጭ አለችበት! የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ መኪናው ማለፊያ ሲያጣ፣ ደብዳቤውን መሪው ላይ አስደግፎ ጻፈላት። እኔ አንድ ዓመት ቀድሜያት የገባሁት፣ በመስኮት እያየሁ፣ «ይቺስ አትቆይም» አልኩ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት።

አመሏን ታውቁታላችሁ። ነገር ሲጠናባት ወንበሯን አንስታ ሌላ ክፍል ሄዳ ትቀመጣለች። በእጅ እየለቀምን የምንደረድረው የእርሳስ ፊደል ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ አሥራ አንድ ፊደል ለቃሚዎች ሥራ ፈትተን ኮሪደር ላይ ቀረን። እኛ ኮምፒውተሩን ስንረግም፣ እሷ በአራተኛው ቀን ወንበሯን ይዛ ፎቅ ወጣች፤ ልጇ የምትሆን ጸሐፊ አጠገብ ቁጭ።

«እትዬ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምንም የኔ ልጅ። ስትሠሪ ልይ ብዬ ነው።»

በዓመቱ ከልጅቷ እኩል ትጽፍ ጀመር። እኔ «ለጊዜው» ተብዬ ወረቀት መጋዘን ገባሁ። ለጊዜው! ሃያ ዓመት ሞላኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኛ መጋዘን ሁለታችንም አለን።

ባለቤቷ ያረፈ ጊዜ፣ ከሐዘን ተመልሳ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ትውላለች፤ አንድ መስመር አትጽፍም። «አሁንስ እንደኔ ቀረች» ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሳምንቱ ወንበሯ ጥረዛ ክፍል ተገኘ። «ዓይኔ አላነብ ብሎኛል፤ እጄ ግን መርፌ ይይዛል» አለቻቸው። እያለቀሰች መጽሐፍ ስትሰፋ ከረመች። ከዚያ ተነስታ የአራሚዎች ኃላፊ ሆነች።

ያኔ ዓይኔ ደም ለበሰ። ወንበሯ ሦስት ቀን ጠፍቶ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ተጠርጥረው እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ከወረቀት ጥቅል ኋላ። በሦስተኛው ቀን መጋዘን መጥታ የወረቀት እስር ላይ ተቀመጠች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። ስትሠራ ልይ ብዬ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አየችኝ። የሚታይ ነገር አልነበረም። ልትወጣ ስትል፣ «አንተዬ፣ መቼ ነው የምትነሳው?» አለችኝ።

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ፍርሃት አታውቂ!» አልኳት።

«ማን ነገረህ? ፎቅ የወጣሁ ቀን ደረጃው ላይ ሁለቴ ተቀምጫለሁ። ወንበር የምይዘው ለዚያ እኮ ነው። ሲያቅተኝ ቁጭ እላለሁ፣ ሲለቀኝ እነሳለሁ። አንተስ መቼ?»

«ከርሞ» አልኳት። ጠዋት ወንበሯን ጠረጴዛዋ ጋ አገኘችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው።

የኔ እህት፣ ዕድለኛ ናት እያልኩ ነው ስቀናብሽ የኖርኩት። ዕድል ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። መጋዘን ድረስ መጥተሽ ያን ቀን አብረሽኝ ስለዋልሽ፣ ገመናዬንም ስለሸፈንሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ይቅርም በዪኝ።

ትናንት፣ «ወንበሬን ልተውልህ» ብለሽኛል። አልፈልገውም። ጡረታ ያስፈራል ሲሉ እሰማለሁ፤ ይዘሽው ሂጂ። እኔ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ የራሴን ወንበር ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ ፎቅ፣ ጸሐፊዎቹ አጠገብ ላኖረው። ዘበኛው ግን በር ላይ ይዞብኛል። «ደብዳቤ» አለኝ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ! እህቴ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ወንበርሽ ያረፈበት ቤት ሰላም ይሁን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እናንተ ጠጡ። ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎ ግን ከመጠጣትዎ በፊት እዚህች ደብዳቤ ላይ ይፈርሙልኝ።