ተሽጦ የተመለሰው እግር መጥረጊያ

ጋሽ ቶርላይቭን በዚያ ጠዋት ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ከከተማ በመርከብ የተላከልኝን መድኃኒት ልቀበል ወደ ወደቡ ስወርድ፣ አዲስ የጓጉንቸር ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ሲጣደፉ አየኋቸው። የሰማንያ ዓመት ዓሣ አጥማጅ ሲጣደፍ ማየት ለአንድ ሐኪም ደስ አይልም።

«ጋሼ፣ ጓጉንቸሩ ለምንድነው? በዚህ ደሴት በሩን የሚቆልፍ ሰው አላውቅም።»

«ዛሬ ያውቃሉ ዶክተር። የጀልባ ቤቴን ልቆልፍ ነው። ሌባ ፈርቼ እንዳይመስልዎ፤ የልጅ ልጄን ነው።»

ነገሩ ገባኝ። የልጅ ልጃቸው ኢልቫ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለአንድ ዓመት እውነተኛ ድርጅት እንዲያቋቁሙ፣ ሰኔ ላይ እንዲዘጉት ያደርጋል። እሷና አራት ጓደኞቿ ከተጣለ የመርከብ ገመድ እግር መጥረጊያ ይሠራሉ። ገመዱን ወጥረው የሚሠሩበት ሰፊ ቦታ የአያቷ ጀልባ ቤት ብቻ ነው። ሥራቸውን የሚሸጡበት የከተማው የተማሪዎች ገበያ ደግሞ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሩ ከተቆለፈ ድካማቸው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

መርከበኛው መድኃኒቴን ሲሰጠኝ አንድ ጥቅልም ጨመረልኝ፤ «ለተማሪዎቹ ድርጅት» የሚል ተጽፎበታል። ጥቅሉን ታቅፌ ከሽማግሌው ጎን መንገድ ጀመርኩ።

«ትምህርት ቤት ፊደልና ሒሳብ ያስተምር» አሉ። «ለጎረቤት መሸጥ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? እኛ የጎረቤት ጣሪያ ሲያፈስ ወጥተን እንጠግናለን እንጂ ዋጋ እንጠይቃለን?»

«ተዉ እንጂ ጋሼ! እርስዎ በዘጠኝ ዓመትዎ እንደ ደሴቱ ልጆች ሁሉ ለምግብ የሚሆነውን የዓሣ ምላስ እየቆረጡ ሲሸጡ አልነበር እንዴ?»

«እሱ ሌላ! ቢላዬን ይዤ፣ ብቻዬን፣ እስከ ክርኔ ረጥቤ። እነዚህ አንዷ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዱ የሽያጭ ኃላፊ ተባብለው ተሿሽመዋል። ልጅቷ ከሰው በላይ ነኝ እንዳትል ነው የምፈራው።»

እኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስም የለም። ሰው ማዕድ ላይ ራሱን ካወደሰ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሾርባውን ይጠጣል። እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሽ ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ የዚሁ ደሴት ልጆች ናቸው፤ ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያዎቹን ሃያ መጥረጊያዎች ለጎረቤት ዋጋ መጥራት አፍረው በነጻ አደሏቸው። ሁላችንም «እንዴት ያምራል!» ብለን ተቀበልን።

ጀልባ ቤቱ ስንደርስ አምስቱም ገመድ ላይ አጎንብሰዋል። ኢልቫ ጓጉንቸሩን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«አባባ፣ ምንድነው እሱ?»

እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት እኔ ፈጥኜ ጥቅሉን አቀበልኳት። ስትፈታው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ማዕዘናቸው የተፈታ ሁለት መጥረጊያዎችና አንድ ደብዳቤ ወጡ። መጥረጊያዎቹን ከልጆቹ የገዛች፣ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴት ናት የጻፈችው። ኢልቫ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ልጆች፣ ከፍዬበታለሁና እውነቱን ልንገራችሁ። ዝናብ ሲነካው ማዕዘኑ ይፈታል። ካስተካከላችሁት ሌላ አሥር እፈልጋለሁ።»

«ይኸው ንግዳችሁ!» አሉ ጋሽ ቶርላይቭ። «አገር ለአገር መዋረድ!»

«እኔ ማዕዘን አልቋጠርኩም» አለ ሹር፣ የሽያጭ ኃላፊው፣ ቶሎ ብሎ።

«ሁላችንም ድምፅ የሰጠንበት ቋጠሮ ነው፤ ዝም በል» አለችው ኢልቫ። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ፣ ዝናቡ እኮ እዚህም ዘንቧል። እርስዎ ደጃፍ ያለው አልተፈታም?»

ሽማግሌው ጓጉንቸሩን አገላበጡት። «ተፈቷል።»

«መቼ?»

«በሳምንቱ። መልሼ ቋጠርኩት።»

«አውቀው ዝም አሉኝ? የበረዶውን ክረምት ሙሉ በዚያው ቋጠሮ ስንሠራ እያዩ?»

«ስጦታ እኮ ነው ልጄ። በስጦታ ላይ እንከን ይወጣል?»

«ለዚህ ነዋ መሸጥ የፈለግነው!» እንባዋ መጣ። «ሃያ ቤት ሰጠን፤ አንድ ሰው አልነገረንም። የነገረችን የከፈለችው ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጅ ያሉኝ እንድኮራ መሰለዎት? ለዚህች ሴትዮ ይቅርታ ብላ የምትጽፈው እኔ ነኝ፤ ሌላው የቋጠረውንም ጭምር። እርስዎ ምላስ ሲቆርጡ ቢላው ቢስት የሚደማው የራስዎ ጣት ነበር። እኛ ግን አምስት ሆነን ነው የምንስተው፣ አምስት ሆነን ነው የምናቃናው። ይኼንን ከየትኛው መጽሐፍ እናንብበው?»

አፈርኩ። ለሕመምተኛ መራራውን እውነት በየቀኑ የምናገር ሰው ነኝ። «የኔም ተፈቷል» አልኩ። «ማገዶው ጀርባ ጥዬዋለሁ።»

ጋሽ ቶርላይቭ ከተመለሱት መጥረጊያዎች አንዱን አንስተው በርሜል ላይ ተቀመጡ። «ይኼ ናይለን ነው» አሉ በለሆሳስ። «ናይለን ይንሸራተታል። የድሮ ገመድ ቋጠሮ አይይዘውም። ጫፉን ሁለት ጊዜ አዙረሽ በራሱ ሥር መልሺው። ... ያኔ መናገር ነበረብኝ ኢልቫ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነው።» ጓጉንቸሩን ለሹር ወረወሩለት። «ገመድ ሲወጠር ክብደት ያስፈልጋል፤ ይኼን ጫፉ ላይ አንጠልጥለው።»

ያን ቀን የገባኝን ልንገራችሁ። እኛ ልጆቻችንን ስናመሰግን ያሳደግናቸው ይመስለናል። ልጅ የሚያድገው ግን የሠራው ነገር እውነተኛ ሰው እጅ ገብቶ፣ ተወቅሶ ሲመለስለት ነው። ያኔ ወቀሳውን ከጓደኞቹ ጋር መካፈልን፣ በሌላው ሳያሳብቡ ማረምን፣ ሳያፍሩ ዋጋ መጥራትን ይማራል። ዋጋ መጥራት ትዕቢት አይደለም፤ ለሠራሁት እጠየቃለሁ ማለት ነው። ኅዳር ላይ አንዳችን አፋችንን ከፍተን ቢሆን ኖሮ ልጆቹ አንድ ክረምት ባልባከነባቸው ነበር።

በሳምንቱ ከሽማግሌው ጋር ልንገዛ ሄድን። ኢልቫ ፊቷ ቲማቲም ቢመስልም ዋጋውን ዓይናችንን እያየች ነገረችን። ጋሽ ቶርላይቭ ከፈሉ፤ መጥረጊያውን ገልብጠው ማዕዘኑን ባላቸው ጉልበት ሁሉ ጎተቱት። አልተፈታም። ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«መሃሉ ጠማማ ነው» አሉ።

ኢልቫ እንከኑን ልትጽፍ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደች። ከዚያ ቀን በፊት በአያቷ ፊት እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

«እሺ፣ ሌላስ?» አለቻቸው።