ብርቱካን የማይላጥበት ክፍል

የተከበሩ እትዬ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ለዚህ የጡረታ ሽኝትዎ ብላ ከሩቅ ከተማ የመጣችው ትልቋ ልጅዎ፣ ጉልበትዎ ላይ የተቀመጠችው የልጅ ልጅዎ፣ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ ሾፌራችን ጋሼ፣ ወዳጄ ሒሳብ ሹሙ፤ እንደምን ዋላችሁ? እናቴ ከአገር ቤት ሰላም ብላለች፤ አባቴ፣ ሁለቱ እህቶቼና አክስቴም «ሰላም በልልን፣ እንዳትረሳ» ብለውኛል። እነሆ፣ አልረሳሁም።

እትዬ እዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። እርስዎ ብክለቱን ለመለካት አየር የሚስበውን መሣሪያ ጣሪያው ላይ ሲያስተክሉ ጋሼ ጠጋ ብለው፦

«እህቴ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?»

«የከተማውን አየር ይስባል።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ሌሊቱንም ጭምር።»

«ታዲያ ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?»

ጠባይዎን የማያውቅ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን በዚያ በሚሰነፍጥ ፈሳሽ ስትወለውል ከላይ ፎቅ ድረስ ይሸትዎትና «ማነው አሞኒያ ያፈሰሰው?» እያሉ ይወርዳሉ። ሒሳብ ሹሙ ሽቶ ተቀብቶ ሲመጣ በሩን ከውስጥ ይቆልፉበታል። አንድ ቀን «እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ፤ ጭስ ማውጫ አይደለሁም» ቢልዎት፣ «ጭስ ማውጫስ በተሻለኝ፤ ቢያንስ ወደ ላይ ነው የሚለቀው» አሉት።

እኔ የአየሩ ብናኝ የሚያርፍባቸውን የመሣሪያውን ማጣሪያ ወረቀቶች ከጣሪያው ማውረድ በጀመርኩ ሰሞን፣ አገር ቤት እየናፈቀኝ ሳለ፣ እናቴ ከጓሯችን ብርቱካን ላከችልኝ። ወረቀቶቹ በሚመዘኑበት ክፍል አንዱን መላጥ ስጀምር «አንተ ልጅ! ውጣ!» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እርስዎ ግን ተከትለውኝ ወጥተው፣ ከነነጭ ጋውንዎ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«የመኪናው ጭስ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል» አሉኝ። «የልጣጩ ሽታ ከእርሱ ጋር ሲገናኝ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፤ ከጭስም ከአፈርም ሳይመጣ እዚያው አየር ላይ ይወለድና የምንመዝነው ወረቀት ላይ ያርፋል። ከተማውን ከሚጋርደው ብናኝም ብዙው እንዲሁ ነው። ከመኪና የወጣው ጋዝ በፀሐይ ተለውጦ፣ ከቆሻሻው ክምር ከሚነሳው አሞኒያ ጋር ይዋሃዳል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውም እርሱ ነው።»

«ታዲያ የቤቴ ሽታ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው?»

«ሽታው ምን አጠፋ? የተቀበለው አየር ነው ክፉ። በል አሁን አካፍለኝ።»

ከዚያ ወዲህ የእናቴ ካርቶን በመጣ ቁጥር እዚያ ደረጃ ላይ አብረን ልጠናል። ወደ አገሬ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ተራራ በብናኙ ተሸፍኖ ሳጣው፣ «ዝናብ ይምጣ እንጂ ይታይሃል» ይሉኝ ነበር። ዘነበ፤ ታየኝም። እትዬ፣ ስለዚያ ሁሉ አመሰግንዎታለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን ደረጃው ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ለማን እንደማካፍልም አላውቅም።

ክቡራን፣ ብርጭቆአችንን እናንሳ። የተቀዳው የእናቴ ብርቱካን ጭማቂ ነው። አይቆጡኝ፣ የላጥኩት ውጭ ነው። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ደረትዎን የማይከብድ ንጹሕ አየር ይስጥዎ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እናቴ «ያቺ ሴት ዛፉን ሳታየው እንዳትቀር» ብላለች። በሚመጣው ወር ፈቃድ ወጥቼ ስሄድ አብረውኝ ይመጣሉ? እዚያ በፈለጉት ክፍል መላጥ ይቻላል። እባክዎ ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ መልሱን ይስጡኝ፤ እናቴ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው።